የትርንጎ ግማሽ

ኃይለሚካኤል የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 ሲሞት ለሚስቱ ለትርንጎና ለሦስት ልጆቹ ጅቡቲ፣ ካርትዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ቁራሽ መሬት፣ በላይዋም የጣውላና የቆርቆሮ ቤት ትቶ አለፈ። ልጆቹ አባታቸውን በጣም ይወዱት ነበር። ፍቅራቸውንም አርባው በወጣ ማግስት ሜትር ይዘው በመምጣት አስመሰከሩ።

ሜትሩን የያዘው የበኩር ልጅ መልአኩ ነው፤ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ ያለፈለት፣ በነሐሴ ሙቀት እንኳ ከረባቱን የማያወልቅ። ጫፉን የያዘችለት እህቱ ዝማሬ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሽቶ ትሸጣለች። ትንሹ ደምመላሽ ደግሞ ታክሲውን ውጭ አቁሞ ቁጥር ይጽፋል። ትርንጎ ጥቁሯን እንደለበሰች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ሜትሩ እንዲያልፍ እግርሽን ትንሽ አንሺልን» አላት መልአኩ።

አነሳች። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በፈረንጅ ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት የቆመችበት እግር ነው፤ የቤቱ ጣውላም ቆርቆሮም የተገዛው በዚያ ነው። ልጆቿ ግን የተማሩ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር አያስታውሱም።

መሬቱ ለሦስት ተሸነሸነ።

«እኔስ?» አለች ትርንጎ።

«አንቺማ የሁላችን ነሽ!» አለች ዝማሬ። «አራት አራት ወር በየተራ እንወስድሻለን።»

«በሙቀቱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ለምን እኔ?» ብሎ ደምመላሽ ተነሳ። «ኤሲ የለኝም!»

በእናታቸው ላይ ሲከራከሩ አመሹ። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤቷ አብዱልፈታሕ ዘንድ ሄደች። ከባሏ ጋር በጅቡቲው ለገሃር ባቡር ጣቢያ አብሮ የሠራ፣ ሰፈሩ የሚሰማው ሽማግሌ ነው። በሳምንቱ አራቱንም ሰብስቦ ውል አዋዋይ ዘንድ ወሰዳቸው። ሰውዬው ወረቀቱንና የሕግ መጽሐፉን አገላብጦ ግማሹ የሚስት፣ ቀሪው የልጆች መሆኑን ነገራቸው። መልአኩ መጽሐፉን እንደገና እንዲያየው በትሕትና ለመነው። መጽሐፉ አልተለወጠም።

«እንግዲህ እናት ናት፣ ቀድማ ትምረጥ» አለ አብዱልፈታሕ።

የልጆቹ ፊት አመድ መሰለ። የፊተኛው ግማሽ አስፋልቱን ያያል፤ ሱቅ የሚሠራው እዚያ ነው።

«የኋላው ይሁንልኝ» አለች ትርንጎ። «እስከ በር መውጫ መንገድ ብቻ ተዉልኝ።»

ዝማሬ ጉልበቷን ሳመች። «እማዬ ድሮም ለእኛ ነው የምታስበው!» ሐሳቧን ሳትቀይር እየተሻሙ ፈረሙ።

ውጭ ሲወጡ አብዱልፈታሕ ተናደደ። «እህቴ ትርንጎ፣ አስፋልቱን የሚያህል ነገር እንዴት ትለቂያለሽ?»

«ወንድሜ፣ ቧንቧውና ሽንት ቤቱ በየት በኩል ናቸው?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ሳቁ አላስቆም ብሎት ግድግዳ ተደገፈ።

በሁለተኛው ወር ልጆቹ ግንባታ ጀመሩ። ሲሚንቶው መጣ፣ አሸዋው መጣ፣ ውኃ ግን አልመጣም። መልአኩ የእናቱን በር አንኳኳ።

«ቧንቧው በእኔ ድርሻ ነው» አለችው ከውስጥ። «ወረቀቱን እይ፤ አንተ ነህ መጀመሪያ የፈረምከው።»

አዲስ ቧንቧ ለማስገባት ለውኃ መሥሪያ ቤት አመለከተ፤ ነገ ተመለስ ሲሉት ወራት አለፉ። ዝማሬ ግንባታው ላይ ስትውል ሽንት ሲይዛት ወደ አብዱልፈታሕ ቤት ትሮጥ ጀመር። ሚስቱ በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ፣ በአምስተኛው ቀን በዝምታ ተቀበለቻት። በስድስተኛው ቀን በሩ ተቆልፎ ነበር።

በመጨረሻ ሦስቱም ሽማግሌውን ይዘው መጡ። ትርንጎ ውኃውንም ሽንት ቤቱንም ፈቀደች። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ዓርብ ዓርብ እሷ ዘንድ ቁጭ ብለው ምሳ እንዲበሉና ሽንት ቤቱን በየሳምንቱ ተራ በገዛ እጃቸው እንዲያጥቡ።

«ሠራተኛ ልቅጠርልሽ» አለ መልአኩ ከረባቱን እያስተካከለ።

«እኔ የሰው ቤት ሳጥብ ነው አንተ ያደግኸው። የእናትህን ብታጥብ አትሞትም።»

ቤተሰቡ ማኅተም ስለሚወድ ይህም በጽሑፍ ሆኖ ማኅተም ተመታበት።

ሱቆቹ ተሠሩ። ደምመላሽ በማጠብ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። መልአኩም ተራው ሲደርስ ከረባቱን ወደ ኋላ ወርውሮ ይፈትጋል፤ አንድ ጊዜ የወደብ ደንበኛው ከኋላው አይቶት ቧንቧ ሠሪ መስሎት ስልክ ቁጥሩን ጠይቆታል። ዝማሬ ግን አኮረፈች። ዓርብ እየመጣች፣ የጾሙን ሽሮ አንገቷን ደፍታ እየበላች፣ ቃል ሳትተነፍስ ትሄዳለች። እንዲህ ሆና ዓመት ከመንፈቅ ከረመች።

ከዚያ በአንዱ ዓርብ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«ጨው የለውም» አለች።

ትርንጎ ጨዉን አቀበለቻት። ሽሮም ጨመረችላት። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የልጇን ድምፅ በመስማቷ መደሰቷን ግን ለማንም አልተናገረችም።