በእግር ያልተነበበው ፕላን

ኢንጂነር አሥራት ገብረማርያም ከመካከላችን ተለይተዋል። ለሕክምና ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በታናሽ እህታቸው በእትዬ አስካለ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እዚያው አረፉ። አስከሬናቸውም በማግስቱ ወደ ቦንጋ ተወስዶ እናታቸው ከተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ግብዓተ መሬታቸው ተፈጽሟል። በለቅሶው ላይ ብዙ መልካም ነገር ተነግሮላቸዋል። አንድ ነገር ግን ሳይነገር ቀርቷል። እሱን በሕይወት ካለን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ።

ቦንጋ ላይ እሳቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ጡረታቸው ሳይደርስ የአዲስ አበባ ሥራቸውን ጥለው የተመለሱት፣ ቁልቁለቱን በዱላቸው እየነካኩ የሚወርዱት፣ በቴክኒክ ኮሌጁ ቅየሳ ያስተምሩ የነበሩት ጋሽ አሥራት ናቸው። ፊርማ እንደማይሰጡም ታውቃላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የመናኸሪያውን ፕላን ሲያማክራቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው ያስረዳሉ፤ የሚፈረመው ወረቀት ሲቀርብ ግን እስክሪብቶውን መልሰው ያስቀምጣሉ። «የኔ እጅ ታስሯል» ይሉ ነበር እየሳቁ። ኩራት ነው ያለ አለ፣ ዕድሜ ነው ያለም አለ። ከዚያ የባሰው ሐሜት «አዲስ አበባ ላይ የሰው መሻገሪያ ያዘጋ መሐንዲስ ነው» የሚለው ነበር።

እኔ ከቦንጋ ወዲያ ያለችው የዋጫ ከተማ ልጅ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ የአማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ ስቀጠር አለቃዬ እሳቸው ነበሩ። ጊዜው የከተማው ባቡር ሐዲድ የሚዘረጋበት ነበር። የእኛ ድርሻ ተቋራጩ የሚያመጣውን ፕላን መርምሮ ማጽደቅ ወይም መመለስ ነው።

ጋሽ አሥራት ፕላን የሚመረምሩት በጄሪካን ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሀያ ሊትሩን ቢጫ ጄሪካን ውኃ ሞልተው ትከሻቸው ላይ ያወጡና ወረቀቱ ላይ የተሠመረውን መንገድ መሬት ላይ ይሄዱታል፤ የፌርማታውን ደረጃ፣ መሻገሪያውን፣ መዞሪያውን። ሲሄዱ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እናቴ ይህን ተሸክማ በየት ታልፋለች?» እናታቸው የቦንጋን ዳገት ውኃ ተሸክመው እየወጡ ነው ያሳደጓቸው። በዚህ ይስቅባቸው የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ነበር፤ አንድ ቀን ጄሪካኑን አሸከሙትና ገና ሳይሠራ በእንጨት የተመሰለውን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቁጭ አለ። በዚያው ሳምንት ደረጃው ዝቅ ተደርጎ እንደገና ተነደፈ። «በእግር ያልተነበበ ፕላን አልተነበበም» ይሉን ነበር። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ አለቃ ከእሳቸው በቀር አላየሁም።

ለእኔ አባትም ነበሩ። ከቤቴ ርቄ የመጀመሪያው ፋሲካ ሲመጣ እትዬ አስካለ ቤት ወስደው ያስፈሰኩኝ እሳቸው ናቸው። «ይቺ የዋጫ ልጅ ስትርባት አትናገርም፤ አትጠይቋት፣ ዝም ብላችሁ አጉርሷት» አሉ።

አሁን ወዳልተነገረው ልምጣ።

ቢሯችን ሦስት ማኅተም ነበረው። አንዱ «ጸድቋል»፣ ሁለተኛው «ከማስታወሻው ጋር ጸድቋል»፣ ሦስተኛው «ተስተካክሎ ይቅረብ» ይላል። ሁለተኛውን ጋሽ አሥራት አይወዱትም ነበር። «ተቋራጭ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያነበው» ይላሉ።

በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የእትዬ አስካለን ሰፈር የሚነካ ፕላን ቀረበ። ሐዲዱ ሰፈሩን ከገበያውና ከጤና ጣቢያው ለይቶ፣ በግራ በቀኝ ታጥሮ ያልፋል፤ መሻገሪያ የለውም። ጋሽ አሥራት ገና ሲገልጡት አዩት። «ነገ በእግሬ ሄጄ ልየውና እመልሰዋለሁ» አሉ። የተቋራጩ ሰው ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ኃላፊያችን በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል። እኔ ደግሞ የታላቅ እህቴ ሠርግ ዋጫ ላይ እሑድ ነው፤ አውቶቡሴ በማግስቱ ጠዋት ይነሣል፤ «ያ ፕላን ሳይወጣ ፈቃድ የለም» ተብያለሁ።

«ጋሽ አሥራት፣ ማስታወሻውን ይጻፉበትና በሁለተኛው ማኅተም ይውጣ። ያዩታል፣ ያስተካክሉታል» አልኳቸው።

ከፕላኑ ላይ ቀና አሉ። «ሠርጉ እሑድ ነው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሙሽራዋ አትቀየምሽ» አሉና በቀይ ጻፉ፤ «እዚህ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ይጨመር። ቦታውን በእግሬ አላየሁትም።» ፈረሙ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እጃቸው ሲያመነታ ከፊታቸው ወስጄ።

ከሠርጉ ስመለስ በቦታው ኮንክሪት ፈስሷል። ማስታወሻው ማንም ሳያነበው ፋይል ውስጥ ቀርቶ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ቅሬታ አቀረበና ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ይህን ማኅተም ማን መታው?» አለ። «እኔ» አሉ ጋሽ አሥራት። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን እግሬ ላይ አሳረፉ። አፌን ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀው ወደ ቦንጋ ሄዱ።

አንድ ክረምት ተከትያቸው ሄድኩ። ወደ ማንኪራ ደን በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ከተማሪዎቻቸው ጋር ጅረት ላይ ግንድ ሲያጋድሙ አገኘኋቸው። ንብ አናቢዎቹ ቀፎ ተሸክመው የሚያልፉበት መንገድ ነው። እሳቸውም ጄሪካናቸውን ተሸክመው ግንዱ ላይ ሦስቴ ተመላለሱበት። «እውነቱን ልናገር፤ እዚህ ስምዎ እየጠፋ ነው» አልኳቸው።

ጄሪካኑን አወረዱ። «ስሚኝ ወይንሸት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኮንክሪት ግን ፈስሶ አይለቀምም። አንቺ ወደ ሠርግ ነው የቸኮልሽው። ፈራሚው እኔ ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ። አንድ ሰው ከታሰረ ይበቃል።»

አልበቃም ነበር። ማኅተሙን ከመታሁበት ቀን ጀምሮ እኔም እንደታሰርኩ ነኝ።

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ያሳለፉት አጥሩ በሚታይበት መስኮት ሥር ነው። ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ይታያል፤ መርፌ ሊወጉ ሲሄዱ ግን ደግፈናቸው ሐዲዱን በሩቅ እንዞር ነበር። በየመንገዱ ያርፋሉ። አንድ ጊዜ አጥሩን ይዘው ቆሙና «በጄሪካን ቢሆንማ አልደርስም ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ማልቀሴን አላዩም፤ ወይም ያላዩ መሰሉ።

ባረፉ ማግስት ወደ ቦንጋ የሚወስዳቸው መኪና ከሐዲዱ ማዶ ቆመ፤ የሰፈሩ ቅያስ ስለማያስገባው። የዕድሩ ሰዎች ሳጥኑን ተሸክመው ያንኑ መንገድ ዞሩ። ግማሽ ላይ ትከሻ ሲቀያየሩ አንድ የዕድር ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ «ይህን አጥር ያጸደቀው ሰው እሱም እንዲሁ ይዙር!» አሉ። ሌሎቹ «አሜን» አሉ። ተሸክመው የሚዞሩት ፕላኑ ላይ የፈረሙትን ሰው እንደሆነ አላወቁም። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አሁንም አፌን ከፈትኩ፣ አሁንም ዘጋሁት።

ጋሽ አሥራት፣ ያ እርግማን የእርስዎ አልነበረም። በእኔ ፈንታ ተሸከሙት፤ በሳጥንዎ ውስጥ ሆነው እንኳ በእኔ ፈንታ ዞሩ። መሻገሪያው ዛሬም የለም፤ ማስታወሻዎም ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ይህንን ለማለት ግን ኮንክሪት አይከለክለኝም። የሰፈሩ ሰዎችም፣ የቦንጋ ሰዎችም ይስሙ፤ ያንን ማኅተም የመታሁት እኔ ወይንሸት ነኝ። እግርዎን ከእግሬ ላይ ያንሱልኝ፤ ተናግሬያለሁ። አሁን በሰላም ይሻገሩ።