ኛማልን ያስተማርኳት ቃል

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ አዲስ፣ ሠራተኛው አዲስ፣ ከጭነት መኪና ላይ የሚወርደው ሰውም አዲስ ነበር። ሙቀቱ ብቻ የድሮው ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የወደቀ ማንጎ እየለቀምን፣ ከባሮ ዳር የሚመጣው የደረቅ ዓሣ ሽታ እየተከተለን፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እናማ ነበር። ማን ነው? ከየት ነው? ምን ፈልጎ መጣ? ትልልቆቹም የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ እኛ የተማርነው ከነሱ ነው።

በዚያው ዓመት ኛማል፣ እናቷና ታናሽ ወንድሟ ከሱዳን ተሻግረው መጡና ኒውላንድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን የሣር ክዳን ቤት ተከራዩ። እናቴ ቸርች ተዋውቃቸው ነበርና ልጆቹን ትምህርት ቤት ካላስገባሁ ብላ ተነሳች። ወንድምየው አንደኛ ክፍል ገባ። ኛማል ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በአገሯ በዓረብኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች ተባለ፤ ወረቀት ግን የላትም። ምክትል ዳይሬክተሩ "አንድ ወር አምስተኛ ክፍል ትቀመጥና እናያታለን" አሉ። እናቴ ከኔ አጠገብ እንድትቀመጥ አስደረገች፤ አማርኛ ማስተማሩም የኔ ሥራ ሆነ።

እኔ ራሴ አማርኛ የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ እቤት የምናወራው አኙዋክኛ ነበር። ስለዚህ በአማርኛዬ እኮራለሁ። ኛማልን ግን ከመጀመሪያው ቀን አላመንኳትም። አንድ ቃል በነገርኳት ቁጥር ከኪሷ ትንሽ ደብተር ታወጣና ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ማን ያውቃል? አንድ ቀን ደግሞ ለጓደኛዬ በአማርኛ "ጫማዋ የወንድ ነው" ብዬ ሳንሾካሽክ፣ ቀስ ብላ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበች። በቃ፣ አማርኛ ታውቃለች፤ የማታውቅ መስላ ታዳምጠናለች ብዬ ደመደምኩ።

ልፈትናት ቆረጥኩ። ሰው ሲሰጠኝ ምን ልበል ብላ በእጇ ምልክት ስትጠይቀኝ "አልፈልግም" አልኳት። ካወቀች ወይ ትስቃለች ወይ ትቆጣለች። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ደጋግማ አለችውና ጻፈችው። ማስመሰል ትችልበታለች አልኩ በልቤ።

ወሩ ሲሞላ ምክትል ዳይሬክተሩ ክፍላችን መጡ። የኛማል እናት በር ላይ ቆማለች። "ኛማል፣ ተመዝግበሻል። እዚሁ ትቀጥያለሽ" አሉና አዲስ ደብተር ዘረጉላት። ብድግ ብላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ "አልፈልግም፣ ቲቸር" አለች።

"ምን አልሽ?"

አልሰሙኝም ብላ ይመስለኛል፣ ፈገግ እያለች ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ክፍሉ ሳቀ። ሰውየው "ካልፈለግሽ ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል" አሉና ደብተሩን ይዘው ወጡ። ስሟንም ሰረዙት። እናትየዋ አንዴ እኛን፣ አንዴ ልጇን ታያለች። ኛማል እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

እውነትም አማርኛ እንደማታውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ግን ዝም አልኩ። ኛማል አራት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት ያልለበሰችውን ዩኒፎርም እያጠበች ታሰጣለች።

ነገሩ ለእናቴ አልዋጥላት አለ። "ትምህርት ብላ የመጣች ልጅ እንዴት አልፈልግም ትላለች?" እያለች ሰነበተች። በመጨረሻ ኛማል ቃል የምትጽፍበትን ትንሽ ደብተር ተቀብላ፣ እኔንም አስከትላ፣ ዓረብኛ ወደሚያነቡት ባለሱቅ ሄደች። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡ። ውሃ፣ ወንበር፣ ጠመኔ፣ ጫማ። ጫማን ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ፤ ያን ቀን እግሯን የሰበሰበችው ለካ ይቺን አንዲት ቃል ሰምታ ነው። ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ። "አልፈልግም። ሰው ሲሰጥሽ የሚባል ቃል ነው። አሪየት ነገረችኝ ይላል" አሉ።

አሪየት እኔ ነኝ። እናቴ አልመታችኝም። "ነገ ጠዋት ለምክትል ዳይሬክተሩ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ" ብቻ አለች።

ነገርኳቸው። ምክትል ዳይሬክተሩ ግን እኔንም ተጠራጠሩኝ። "ይህን በይ ያለችሽ እናትሽ ናት?" አሉኝ።

"አይደለም፣ ቲቸር። እኔ ነኝ ያሳሳትኳት" አልኩና አለቀስኩ። ስሟን መልሰው ጻፉት።

ኛማል ተመልሳ እዚያው አጠገቤ ተቀመጠች። አልተጣላችኝም። ቃል ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ትጽፋለች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ያንኑ ቃል ሌላ ልጅ ትጠይቃለች። በየቀኑ፣ ዓይኔ እያየ። ወደ ዓመቱ መጨረሻ ግን አንድ ቀን "ማስመሪያ" አልኳት፤ ጻፈችና ደብተሩን ዘጋች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ያን ዓመት በደረጃ በልጣኝ አለፈች፤ በክረምቱ ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ሄደ፤ ወዴት እንደሆነ አላወቅኩም።

ዘንድሮ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ካምፓላ ገብተናል። ልጄ ቋንቋውን የማታውቅበት ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ያስተማረቻትን ቃል በደስታ ትነግረኛለች። ያኔ ሐጂ ባይኖሩ የኛማልን ደብተር የሚያነብልን አልነበረም። ዛሬ ስልኬ አለ፤ ልጄ ልብሷን ልትቀይር ገባ ስትል ትርጉሙን እፈልጋለሁ። እስካሁን አንድም የተሳሳተ ቃል አላገኘሁም። ነገም ግን እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ ለልጄ አልነገርኳትም።