ደጃፍ ላይ የተደገፈው መጥረጊያ

በእኛ ወንዝ ዳር የሚቆለፍ ቤት የለም። በር የሚያንኳኳም የለም። የመጣ ሰው በሩን ገፍቶ ይገባል፣ ምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ራቅ ብሎ ሲሄድ መጥረጊያውን ከውጭ በሩ ላይ ደገፍ አድርጎ ይወጣል። መጥረጊያ የተደገፈበት ቤት ሰው የለበትም ማለት ነው፤ ያንን አልፎ የሚገባ የለም። ይህን አስቀድሜ የማወራው አጎቴን ማህቴን የጎዳው ይኸው መጥረጊያ ስለሆነ ነው።

ማህቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የዴአትኑ ወንዝ ከቤቱ ፊት ለፊት ታጥፎ ጠለቅ ይላል፤ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ላይ ሲወጣ እዚያ አረፍ ይላል። ያ መታጠፊያ የአያቶቹ ነው። በወረቀት የተጻፈ ነገር የለውም፣ ግን የዚህ የሰሜን ጫፍ ነባር ሕዝብ የሆንን የወንዙ ዳር ሳሚዎች ሁሉ የማን እንደሆነ እናውቃለን። አጎቴ እዚያው ተወለደ፣ መራመድና መቅዘፍ አንድ ላይ ተማረ፣ ሚስቱን ራውናን ከማዶ በጀልባ አምጥቶ አገባ፣ በመጨረሻም በዚያችው ጀልባ ወደ መቃብሯ ሸኛት። የቀረችው አንዲት ልጁ ኤሌ ነች።

ሥራው ቀዛፊነት ነበር። በበጋ የደቡብ ሰዎች የዓሣ ዘንጋቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነሱ ከኋላ ተቀምጠው ክራቸውን ይለቃሉ፤ ቀዛፊው ጀልባዋን ከወራጁ ጋር እያታገለ፣ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ያወርዳታል። ዓሣውን የሚይዘው ቀዛፊው ነው፣ ፎቶ የሚነሳው ሌላው ነው። አጎቴን ይህ ቅር ብሎት አያውቅም። ቅር የሚለኝ እኔን ነው።

ታውኖ ከእነዚያ የደቡብ ሰዎች አንዱ ነበር። በአገሩ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለአፉ ለከት የሌለው። በመጀመሪያው በጋው በጭስ ለሚያደርቀው ዓሣ ጨው ሊለምን እናቴ ቤት መጣና በሩ ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አንስቶ ወደ ጎን አስቀምጦ ገባ። እኛ ሣር አጨዳ ላይ ነበርን። ስንመለስ ቡና አፍልቶ፣ ድመታችንን ጭኑ ላይ አስተኝቶ አገኘነው። «የት ጠፋችሁ? ቡናው ቀዘቀዘ እኮ» አለን። እናቴ ሳቅ አሸንፏት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ሱቅ በገባ ቁጥር «ታውኖ፣ ዛሬስ የማንን ቤት ሰብረህ ገባህ?» ይሉት ነበር። ቀልዱ ስለገባው መጥረጊያ ባየ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሳል። ነፋስ ጥሎት ደጃፍ ላይ የተጋደመ መጥረጊያ እንኳ አይቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኤሌ ስትወለድ ራውና «የክርስትና አባቷ ታውኖ ይሁን» አለች፤ ልጅቷን በጥምቀቷ ቀን ያቀፋት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱና አጎቴ አበልጆች ሆኑ። በየበጋው አብረው ወንዝ ላይ ናቸው፣ ድምፃቸው እስከ እኛ ቤት ይሰማል።

«አበልጄ፣ ዛሬ ዓሣው የት ነው ያለው?»

«ውሃ ውስጥ።»

«ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት?»

«አንተ አፍህን ብትዘጋ ዓሣው ራሱ ይነግርህ ነበር።»

አጎቴ ከማንም ጋር ይህን ያህል አያወራም። ራውና በሞተችበት ዓመት ታውኖ በክረምት፣ በዚያ በረዶ፣ ብቻውን ነድቶ መጣ። አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገረም። እንጨት ፈለጠ፣ ሾርባ ሠራ፣ አጎቴን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ውስጥ አስገብቶ ጀርባውን አጠበው። ለዚህ ነው ታውኖን የወደድኩት፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

ከዚያ ነገሩ መጣ። መንግሥት እኛ በመረብ የምናጠምድበትን ጊዜ ከዓመት ዓመት እያሳጠረ፣ ለዘንግ አጥማጆች የሚሸጠውን ፈቃድ ግን እንደ ልብ ይሸጥ ነበር። በገዛ ወንዛችን ዳር ቆመን የሌላውን ጀርባ ማየት ሰለቸን። የወንዙ ቤተሰቦች ተሰበሰብን፣ ጉባኤም አቋቋምን፤ የጉባኤው አፍ ኤሌ ሆነች። ደንባችን አጭር ነበር፦ የመንግሥት ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ዘንግ ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ መታጠፊያው የማን እንደሆነ ጠይቆ ወደዚያ ቤት ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ወንዙ ላይ ልውረድ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ክፍያ የለውም። አጎቴ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። ታውኖ ገብቶ እንደሚጠይቅ ለአፍታም አልተጠራጠረም።

ታውኖ በሰኔ፣ የእኛ በጋ ሲገባ፣ ከባለቤቱ ከሲርካ ጋር መጣና ወንዙ ዳር የተከልነውን ሰሌዳ አነበበ። እኔም ኤሌም እዚያው ነበርን። አጎቴ ጀልባዋን አዘጋጅቶ ገመዷን ይዞ ቆሟል።

«ኤሌ፣ ይሄ እኔንም ይጨምራል?»

«ሁሉንም ይጨምራል፣ አባባ ታውኖ።»

«ፈቃድ አለኝ እኮ። ይኸውልሽ ማኅተሙ።»

«እሱ የመንግሥት ነው። እኛ የምንለው ቤት ግባና አባቴን ጠይቀው ነው። እምቢ አይልህም።»

«እምቢ ካላለኝ ለምን እጠይቀዋለሁ?»

«በዕድሜው ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ።»

የታውኖ ፊት ቀላ። «በጥምቀትሽ ቀን ያስመለስሽው የእኔ ልብስ ላይ ነው። ዛሬ አድገሽ እንግዳ አደረግሽኝ?» አለና ወደ አጎቴ ዞረ። «አበልጄ፣ ልጅህ የምትለውን ትሰማለህ? አንተስ ምን ትላለህ?»

አጎቴ ወንዙን አየ። «ውሃው እየጎደለ ነው» አለ።

እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ዛሬ ለማጥመድ አይሆንም፣ ቤት እንግባ ማለቱ ነበር። የእኛ ሰው ቤቴ ገብተህ ለምነኝ ብሎ በአፉ አይናገርም፤ ጥያቄ ከእንግዳው በፈቃዱ ካልመጣ ጥያቄ አይደለም፣ ሁለቱንም ማዋረድ ነው። ታውኖ ግን የታየው አበልጁ ፊቱን ሲያዞርበት ነው። ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ በጋ ጎጆው ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ጠዋት ጠዋት ቡና እያፈላ ሁለት ስኒ ያስቀምጥ ጀመር። የሚጠጣው ከአንዱ ነው። አላስችል ብሎኝ «ጎጆው እኮ ቅርብ ነው። ሂድና ና በለው፣ ምን ቸገረህ?» አልኩት።

«እንዲጠይቀኝ ሄጄ ልጠይቀው?»

«አዎ፣ ጠይቀው። እልህ ይዞት ነው እንጂ ይወድሃል።»

«እሱ ይመጣል» አለ። እሱ በዚያ ዝም፣ ታውኖ በዚህ ዝም። ሁለቱንም አንገታቸውን ይዤ ባጋጫቸው ደስ ባለኝ።

ሌሎቹ አጥማጆች ግን ዝም አላሉም። ሰሌዳችንን በመጋዝ ቆረጡት። አንድ ቅዳሜ የማናውቃቸው ወጣቶች በመኪና አጎቴ ግቢ ገብተው በስልካቸው እየቀረጹ «የሳሚዎች ንጉሥ፣ ውጣ እንጂ፣ ግብር ልንከፍልህ መጥተናል» እያሉ ተሳለቁ። አጎቴ ወጥቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። እየቀረጹት እስኪጠግቡ ጠበቃቸው። ቤቴ ሆኜ ሰምቼ ስደርስ ሄደዋል። አጎቴ ባርኔጣውን እንደያዘ ገና እዚያው ቆሞ ነበር።

በማግስቱ፣ እሁድ፣ እንደገና ይመጣሉ ብሎ ፈራ። መጥረጊያውን በፊት ለፊቱ በር ላይ ደገፈና በማገዶ ቤቱ በኩል ዞሮ ገብቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። የሚያሳዝነው ደግሞ የፈራቸው ሰዎች መጥረጊያ ምን እንደሆነ የት ያውቃሉ? ከደቡብ ከሚመጣው ሰው ሁሉ የመጥረጊያን ነገር የሚያውቅ አንድ ታውኖ ነበር። ይህ ለአጎቴ አልታየውም። በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ መጥረጊያ አይቶ የሚመለስ ይመስለዋል።

ያን ዕለት መኪና ሲቆም፣ እግር ደረጃው ድረስ መጥቶ ቀጥ ሲል ሰምቷል። ያ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቶ ሄደ። አጎቴ አልተነሳም። ማምሻውን «ልጆቹ ዛሬም መጥተው ነበር፣ ግን አልተሳደቡም» አለኝ፤ ደስ ያለውም መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ታውኖና ሲርካ ጎጆውን ዘግተው ሳይሰናበቱን ሄዱ። «በሚመጣው በጋ ይበርድለታል» አልኩ። አጎቴም በዚያው ተጽናና፤ ጀልባዋን ቀባ፣ የታውኖን መቀመጫ ሰሌዳ በአዲስ ለወጠ።

ታውኖ በክረምቱ መሪ ይዞ እንዳለ ልቡ ቆመ። የደወሉት ለኤሌ ነው፤ እሷም ስልኩን ከዘጋች በኋላ ካፖርቷን ሳትለብስ በበረዶው ወደ አባቷ ሮጠች። አጎቴ ሰምቶ ሲያበቃ ሁለተኛውን ስኒ አንስቶ አጠበው፣ አደረቀው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። ለቀብር አልሄደም። «አስቀይሜው ሞተ፣ በምን ዓይኔ?» አለ።

በጋው ሲገባ ሲርካ ብቻዋን መጣች። ሳታንኳኳ በሩን ገፍታ ገባች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቡና የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሲርካ እንደ ወንዛችን ልማድ አይብ ቆርሳ ስኒዋ ውስጥ ጨመረች፣ ታውኖ ያደርግ እንደነበረው።

«ማህቴ፣ ጎጆውን ልሸጠው ነው። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በልብህ ቂም ይዞብህ እንደሞተ እንዳታስብ። አምና ሊጠይቅህ መጥቶ ነበር።»

አጎቴ ቀና አለ።

«እሁድ ዕለት ነው። ነጩን ሸሚዙን ለብሶ። ማታውን ሙሉ በቋንቋችሁ ሲለማመድ ነበር፣ እኔን አሰልችቶኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ጠበቅኩት። መጥረጊያ ተደግፎ አገኘ። ከወንዝ ትመለስ እንደሆነ ብሎ ደረጃህ ላይ ቁጭ አለ። ወደ መኪናው ሲመለስ ‹በሩን ገፋ አድርገህ እይ እንጂ› ስለው ተቆጣኝ። ‹መጥረጊያ መጥረጊያ ነው፣ ከአሁን በኋላ አይስቁብኝም› አለኝ። በማግስቱ መሄዳችን ነው፤ ማክሰኞ ሐኪም ቀጥሮት ነበር። ልቡን ያመው ነበር እኮ፣ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነው።»

«ምን ብሎ ነበር የሚለማመደው?» አለ አጎቴ።

ሲርካ ቋንቋችንን አታውቅም። ግን ብዙ ሰምታው ኖሮ፣ እየተኮላተፈች፣ በእኛው ቋንቋ አለችው፦ «አበልጄ፣ በውሃህ ላይ ልውረድ?»

ስኒዬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አጎቴ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ በማገዶ ቤቱ ዞሮ መግባቱን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ለአንዴ እንኳ ዝም ቢል ብዬ ለመንኩ።

«ውስጥ ነበርኩ» አላት።

«እ?»

«መጥረጊያውን የደገፍኩት እኔ ነኝ። ውስጥ ተቀምጬ ነበር።»

«እግሩን አልሰማህም?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ በመስኮት አታይም ነበር?»

«መጥረጊያ ደግፌ በመስኮት ማየት አሳፈረኝ።»

ሲርካ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች፣ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አጎቴ ብቻ ዓይኑ ደርቆ፣ በሩን እያየ ተቀምጧል። አንጀቴን የበላኝ ያ ነው። ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና «እንግዲህ በእሱ ቦታ እኔ ልጠይቅህ። ልውረድ?» አለችው።

አጎቴ ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ። ሲርካን አዲሱ መቀመጫ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ቀዘፈ፤ ዘንግ አልያዙም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ መቅዘፊያውን ከውሃው አነሳ፣ ጀልባዋ ብቻዋን ወረደች። እዚያ ላይ «ውረድ፣ አበልጄ» ሲል እንደሰማችው ሲርካ ናት የነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ መጥረጊያ አይደግፍም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም፣ ሳምንት ሙሉ ሐኪም ቤት ሲተኛም በሩ እንዲሁ ነው። ባለፈው በጋ ለሣር አጨዳ ስንወጣ እንደ ልማዴ ተቆጣሁት። «ሰው መጥቶ ባዶ ቤት ቀኑን ሙሉ ቢጠብቅህስ?»

«ታውኖ እናትሽ ቤት ጠብቆ የለ?» አለኝ። «ቡናም አፍልቶ ነበር።»

ከአጨዳው ስንመለስ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ገና ሳይገባ መጀመሪያ የሚያየው አግዳሚ ወንበሩን ነው።