ወንድሜና የመምህሩ አሥራ አራት ምዕራፎች

ወንድሜ ማረፉን የሰማሁት ሲስተም የምጭንበት የመምህሩ ኮምፒውተር ሰባ ሁለት በመቶ ላይ ደርሶ «እባክዎ አያጥፉ» እያለ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ሚስቱ ናት። «አለቀ፣ እህቴ። ነይ» አለችኝ። «እሺ፣ መጣሁ» አልኳትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። መቶ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ሆስፒታል ስደርስ አክስቴ በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«ወንድምሽ ሞቶ የት ነበርሽ?»

«ኮምፒውተር እየጠበቅሁ።»

«ኮምፒውተር እግር አለው? ያመልጣል?»

አልፌያት ገባሁ።

ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግን የሰው ፋይል ያጠፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም የእኔን። የሠርጌ ፎቶዎች ነበሩ። ባሌ ያን ቀን ሸንቃጣ እንደነበር እስከ ዛሬ ይምላል፤ ማስረጃ የለም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የማንንም ማሽን ቶሎ አይነካም ነበር። ሌሎቹ ጠጋኞች በግማሽ ሰዓት ሁሉን ጠርገው አዲስ ሲስተም ጭነው ይሸኛሉ። እሱ ግን «ቆይ» ይልና ባለቤቱን አስቀምጦ፣ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አስቆጥሮ በእርሳስ ይጽፋል። ጥገናው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን ፋይል ባለቤቱ ፊት ከፍቶ ካላየ ምልክት አያደርግበትም። ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» ብሎ ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። እኔ እሱ ሱቅ ውስጥ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀላል ቀላሉን እጠግናለሁ።

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አልነሳ ያለ ማሽናቸውን ታቅፈው ሲመጡም ወረቀቱን አወጣ።

«ውስጡ ምን ምን አለ፣ መምህር?»

«መጽሐፌ። አሥራ አራት ምዕራፍ። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት።»

«የት አስቀመጡት?»

«እዚያው፣ ሲከፈት ፊት ለፊት።»

«ወርቅዎን ደጃፍ ላይ ነው የሚያሰጡት?»

«ጓዳ እንዳለው ማን ነገረኝ?»

«ሌላ ቦታስ ኮፒ አለዎት?»

«ልጄ ሁልጊዜ ኮፒ አድርግ ይለኛል።»

«አደረጉ?»

«ልጄ ይለኛል ነው ያልኩህ።»

ወንድሜ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘና ያለውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠ። መልሶ ገጥሞት ብሎኑን ሲያጠብቅ ደረቱን ያዘ። ጎረቤቶች ደግፈው ሆስፒታል ወሰዱት።

በማግስቱ ከአልጋው ላይ ደወለ። «እንዴት አደርክ?» ስለው እንኳ አልመለሰልኝም።

«የመምህሩን ጨርሺላቸው። ሲስተሙን እንደ አዲስ ስትጭኚው ሁለት ምርጫ ያመጣልሻል፤ 'ፋይሎቼ ይቆዩ' የሚለውን ተጫኚ። ሌላውን እንዳትነኪ።»

«ገልብጠኸው የለ እንዴ? ምን ያስፈራሃል?»

«የገለበጥኩትን ከፍቼ አላየሁትማ! መሃል ላይ ማሽኑ ከጠፋ የሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ገደል ገባ። እስኪያልቅ ከአጠገቡ እንዳትነሺ።»

አልተነሳሁም። ይህን ለአክስቴ ብነግራት የሚገባት አይመስለኝም።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ሱቁን ከፈትኩ። መምህሩ ቀድመውኝ በር ላይ ቆመው ነበር። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ተቀመጡ፤ ስለ ማሽናቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። ወረቀቱን እኔው አወጣሁ። ማሽኑ ደህና ተነሳ። ምዕራፍ አንድ ተከፈተ፤ ምልክት አደረግሁ። ሁለት ተከፈተ። እንዲህ እያልን እስከ አሥራ አንድ ሄድን። አሥራ ሁለት እምቢ አለ። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ተከፈቱ። ወደ አሥራ ሁለት ተመለስን፤ እምቢ አለ። ወንድሜ የገለበጠውን አመጣሁ፤ እሱም ያው። ፋይሉ የተበላሸው ማሽኑ ወደ እኛ ሳይመጣ በፊት ነው ማለት ነው።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እሱ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?»

«አላውቅም፣ መምህር። ይኼን ገና አላስተማረኝም።»

«ደግሜ ልጻፈው ይሆን?»

«ማሽኑን ይውሰዱ። ኮፒውን እኔ ጋ ይተዉት፤ ልሞክር።»

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የማውቀውን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ የማውቀው ብዙ አይደለም። አሥራ ሦስቱ ላይ ምልክት አለ። ምዕራፍ አሥራ ሁለት እስካሁን አልተከፈተም።