ማጥፊያው በማን በኩል ነው?

ከጥቂት ወራት በፊት ለፀሐይ ኃይሉ ባትሪ ቦታ ስናመቻች ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የእናቴ ኩራዝ ወጣች፤ ክሯ ደርቆ፣ ቆርቆሮዋ ዝጎ፣ የላምባ ሽታዋ ግን እንዳለ ነበር። ልጅነቴም ከነቂሙ ተመለሰብኝ።

ያኔ እዚህ ቀበና፣ በግቢያችን የነበረው ቆጣሪ አንድ ብቻ፣ እሱም የአከራያችን የእትዬ ፋንታዬ ነበር፤ ወደ ክፍላችን የሚመጣው መብራት ማጥፊያው እሳቸው መኝታ ቤት ስለሆነ፣ እንቅልፍ ሲመጣቸው እኛም እንድንተኛ ይፈረድብናል። እናቴ አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እትዬ፣ ልጅቷ ፈተና አለባት» ብላ ብትለምናቸው፣ «ፀሐይ እያለች አታጠናም? የፀሐይ ማጥፊያ እኔ ጋ የለ!» አሏት፤ እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው ሰናይት ከኋላቸው ቆማ ሳቀች። ያን ሳቅ አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልሞከርኩ።

ፀሐይ እያለችማ እኔ እንጦጦ ዳገት ላይ ነበርኩ፤ ለማገዶ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጌ፣ በጆንያ ተሸክሜ ቤት ስደርስ ቀኑ አልቋል። ከዚያ ላምባው ተሟጦ ክሩ እስኪነድ ድረስ ኩራዟ ላይ እደፋለሁ፣ ጠዋት አፍንጫዬ ጠቁሮ፣ ላምባ ላምባ እየሸተትኩ ክፍል ስገባ ሰናይት «ማደያዋ መጣች!» ትላለች። ፈተናውን አለፍኩ፤ ዓይኔ ግን የደከመው ያኔ ነው። ደግ ነገርም ነበር፤ የሰፈሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ ግቢው በሙሉ፣ እትዬ ፋንታዬ ሳይቀሩ፣ «መጣ!» ብለን እንጮሃለን።

ዛሬ እኔና ሰናይት በአጥር የተለያየን ጎረቤታሞች ነን። የፀሐይ ኃይሉ ሰሌዳ ጣራዬ ላይ በተተከለ ማግስት መብራት ሄደ፣ እሷም በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንቺ፣ ያንቺ ይበራል አይደል? የልጅ ልጄ ፈተና አለባት።»

«ፀሐይ እያለች አታጠናም?» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ይህችን ስታስቀምጫት ኖረሻል በይኛ!» አለች።

«አልደብቅሽም!» አልኳት፤ ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፣ ትንሽ ብቻ።

በነጋታው ኤሌክትሪሻኑን ጠርቼ ወደ ቤቷ መስመር አስዘረጋሁ። «ማጥፊያውን እርስዎ ጋ ላድርገው?» ሲለኝ «እነሱ ጋ» አልኩት። ይቅር አላልኳትም፤ አልጠየቀችኝምም።

አሁን መብራት ሲሄድ ሁለቱ ቤቶቻችን ስለማይጨልሙ ሲመጣ «መጣ!» የሚል የለም፤ ያ ጩኸት ይናፍቀኛል። ሲመሽ ግን የልጅቷን መስኮት በአጥሩ በኩል አያለሁ። እስክትጨርስ ይበራል፤ ስትጨርስ ራሷ ታጠፋዋለች።