የአካባቢ ዜና

ቤቴ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ሰሞኑን ድምፅ ማጉያ ገዝቷል። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል አንዲት ተማሪ ዜና ታነባለች። ቃሉ አይጠራልኝም። ትናንት ግን "አሁን ደግሞ የአካባቢ ዜና" ስትል ሰማሁና የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩ። ይህ የወንድሜ የአስፋው ቃል ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ መካነ ሰላም፣ ወሩ ጥቅምት። አስፋው አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እኔ ዘጠነኛ ነበርን። ምሽት ላይ አስፋው ልብስ ሰፊው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ የሱቁን ሬዲዮ ዜና በደብተር ይገለብጥና ጠዋት ሰልፍ ላይ ያነበዋል። እሸት ባቄላ እየፈለፈለ ስለሚጽፍ ደብተሩ ላይ አረንጓዴ የጣት አሻራ አይጠፋም። ሬዲዮው ስለ ምርት ዘመቻና ስለ ድል ያወራል። አስፋው ያንን ሲጨርስ የራሱን ይጨምራል፤ የማን ላም እንደጠፋች፣ የትኛውን ድልድይ ጎርፍ እንደወሰደው፣ የማን ቁልፍ ወድቆ እንደተገኘ። ተማሪው ብርዱን ችሎ የሚቆመው ይህንን ለመስማት ነበር።

የመጨረሻው ደህና ቀን ረቡዕ ነው። ጠዋት "የመሪጌታ ውብሸት አሮጊት በቅሎ ጠፍታለች፤ ያየ ይንገር" ብሎ አነበበ። መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩን መምህራችን ናቸው። ከሰዓት ስንወጣ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ጠበቁን።

"አሮጊት ያልካት አንተ ነህ?"

"ዕድሜዋን ብዬ ነው፣ የኔታ።"

"ዕድሜዋን! ስትወለድ ነበርክ? ልጅ ሆነህ ጭቃውን ያሻገረችህ እሷ አይደለችም?"

"ያን ጊዜም ትልቅ ነበረች እኮ፣ የኔታ።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ኮስተር አሉ። "በአደባባይ ያልከውን በአደባባይ አርም።"

ይህን ሲሉ አንድ ተማሪ በቅሎዋን በወግዲ መንገድ፣ ገበሬ ቤት ታስራ እንዳያት ነገረን። አስፋው ደስ አለው። "ነገ ሄጄ አመጣታለሁ። ዓርብ እርማቱን ከነበቅሎዋ አቀርባለሁ" አለ። ማታውኑ እርማቱን ጻፈ። የሐሙሱን ዜና አንተ አንብብ ቢለኝ እንደምደናቀፍ ነገርኩት። "አብሽር፣ ይመር" አለኝ፣ "ትለምደዋለህ። ለነገው ይቅር።"

ሐሙስ ውርጩ ሳይነሳ ከገበያተኞች ጋር ወጣ። እናታችን ኪሱን ቆሎ ሞላችለት።

ከቀትር በኋላ በቅሎዋ መጣች። የሚስባት ጨው ነጋዴው እንድሪስ ነበር። ደጃችን ደርሶ መግባት አቃተው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። እንድሪስ ያለውን ብቻ ልጻፍ።

"ከግንባር የሚመለስ ጦር መንገድ ላይ አገኘን። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ስለነበር ከገደሉ ሥር ተደበቅሁ። አዛዡ ለወንበዴ ስንቅ ታቀብላላችሁ ብሎ ሁሉንም መንገድ ዳር አስቀመጣቸው። አስፋው ተማሪ ነኝ፣ በቅሎ ልወስድ ነው የመጣሁ አለ። ‹ተኩሱ!› ያለው አዛዡ ራሱ ነው፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ጦሩ ሲያልፍ በቅሎዋን ከገበሬው ቤት ይዣት መጣሁ።"

የአገሩ ገበሬዎች እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። እኛ ዘንድ የተመለሰችው በቅሎዋ ብቻ ናት።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና "ጩኸት እንዳይሰማ" አለ። "በሬዲዮ ያልተነገረ ነገር አልሆነም።" እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

ምሽት ላይ ደብተሩን ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩና በአስፋው ቦታ ተቀመጥኩ። በወግዲ መንገድ የሆነውን ሬዲዮው ይናገራል ብዬ ነበር። የስንዴውን አዝመራ ጻፍኩ። የውጭ አገር እንግዳ መምጣቱን ጻፍኩ። የኳሱንም ጻፍኩ። ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን ዘጋው።

"በቃ፣ ይመር። አልቋል።"

"ነገ ይናገሩ ይሆናል።"

የሱቁን በር ይቆልፍ ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ዲሬክተሩ ደብተሩን ተቀብሎ አየ። የአስፋውን እርማት በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና "የአካባቢ ዜና" ከሚለው ሥር "የለም" ብሎ ጻፈ። "እኔም ልጆች አሉኝ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ሰልፉ ፊት ቆምኩ። ሁሉም ሰምቷል። መሪጌታ ከአጥሩ ውጭ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ቆመዋል። የሬዲዮውን ዜና አንድም ሳልደናቀፍ አነበብኩ። ከዚያ "የአካባቢ ዜና" አልኩ። መሪጌታን አየሁ። ዲሬክተሩን አየሁ። ደብተሩን አየሁ።

"የለም" አልኩና ወረድኩ።

ከወራት በኋላ ሬዲዮው የዚያን አዛዥ ስም ከጀግኖች ጋር ሲጠራ ሰማሁ። ስለ ወግዲው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ያለው ነገር የለም። ሬዲዮውን ስወቅስ ኖሬአለሁ። እኔም ግን ያን ጠዋት ከሬዲዮው አልተለየሁም።

ዛሬ ልጅቱ ሳትጀምር ደብተሩን አወጣሁ። የባቄላው አሻራ ቡናማ ሆኗል። ከቀዩ መስመር ሥር ያለው የአስፋው ጽሑፍ ይነበባል። በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ እየተደናቀፍኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

የአካባቢ ዜና። እርማት፤ የመሪጌታ ውብሸት በቅሎ አሮጊት አይደለችም። በቅሎዋ ተገኝታለች። ሊያመጣት የሄደው ተማሪ አስፋው ከገበያተኞች ጋር በወግዲ መንገድ በወታደሮች ተገድሏል። ያስገደላቸው አዛዡ ነው። ዜናውን ያነበብኩት ወንድሙ ይመር ነኝ።