ኦብዱሊያና የሐሙስ ልጆች

ወደ ሆስፒታላችን የደወለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ኦብዱሊያን ነው። ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ መቶ ሰማንያ የውስጥ ቁጥሮችን በቃሏ ይዛ ትቀመጣለች። ደዋዩ ገና አፉን ሳይከፍት፣ በትንፋሹ ብቻ ምጥ ይሁን መርዶ ትለያለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የአንድ ዓመት የግዴታ አገልግሎቴን መዝገብ ቤት ስጀምር በዚህ ስገረም ሰነበትኩ። በኋላ ካርቶኖቹን አየሁና ያንን ረሳሁት።

ካርቶኖቹ በሽቦ ቀለበት ታስረው ከጠረጴዛዋ ጫፍ ተንጠልጥለዋል። በወስፌ የተወጉ ነጠብጣቦች አሉባቸው፤ ጣቷን ስታሳልፍባቸው የሕፃናት ስም ይሆናሉ። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ፣ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ኦክስጅን ሲሰጣቸው የሰነበቱ ሕፃናት ናቸው። የእንዲህ ያለ ልጅ ዓይን ውስጥ የደም ሥሮቹ ገና አድገው አልጨረሱም። ከማህፀን ውጭ መንገድ ይስቱና፣ ተጠላልፈው በዓይኑ ጀርባ ያለውን ስስ መጋረጃ እየጎተቱ ይነቅሉታል። መጀመሪያ ላይ ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ደህና ነው። በጊዜው የደረሱበት በጨረር ይገታል፤ ጥቂት ቀን ያለፈው ግን አይመለስም። የዓይን ሐኪሟ ከዋናው ከተማ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ስለሆነ፣ ኦብዱሊያ "የሐሙስ ልጆቼ" ትላቸዋለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ለእናቶቻቸው እየደወለች ታስታውሳለች። ይህን ሥራ ማንም አልሰጣትም።

"መስመሩን ለግል ጉዳይ ያዝሽው'ኮ" ይላታል የአስተዳደር ኃላፊው።

"አዎ ጌታዬ፣ ጉዳዩ የግሌ ነው።"

እውነቷን ነው። እሷም የተወለደችው በስድስት ወር ተኩል ነው። ሣጥኑና ኦክስጅኑ ነፍሷን አተረፉላት፤ ዓይኗን ግን በዚያን ዘመን ገልጦ ያየ አልነበረም። አምስት ወር ሲሆናት፣ በመስኮት የገባ ፀሐይ ፊቷ ላይ አርፎ ሳለ አለመጨፈኗን እናቷ አየች። እንደማታይ የዚያን ቀን ታወቀ።

ብርዱ ገና ሳይለቅ አንድ አዲስ ካርቶን ተጨመረ፤ ኤሊሴዮ የሚል። በሠላሳ ሳምንቱ የተወለደ ልጅ ነው። ሐኪሟ አንዴ መርምራው የደም ሥሮቹ መንገድ መሳት መጀመራቸውን አየችና በየሐሙሱ ይምጣልኝ አለች። ነገር ግን ኪሎው ሲስተካከል ወደ ተራራው መንደር ተሸኘ፤ በተከታዩ ሐሙስም አልመጣም።

"የሚቀጥለው ካመለጠን አለቀ" አለች ሐኪሟ።

ማክሰኞ ዕለት ኦብዱሊያ ደወለች። ያነሳችው የልጁ አያት፣ የአባቱ እናት፣ መንደሩ ሁሉ በአክብሮት 'ዶኛ' የሚላት ክሪሳንታ ናት።

"አራስ ቤት ነው" አለች ክሪሳንታ። "አርባ ቀን ሳይሞላ ከደጅ አይወጡም።"

"ከተወለደ'ኮ ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነው፣ ዶኛ። ሐሙስ አርባ ይሞላል።"

"የሆስፒታሉ አይቆጠርም! ቤቴ ከገባ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው።"

"ሐኪሟ ዓይኑን ልታይለት ነው'ኮ..."

"እኔም የፈራሁት እሷን ነው! ምራቴ ነግራኛለች። መብራት ለኩሳ፣ ሽፋሽፍቱን ገልጣ፣ ዓይን ዓይኑን ታፈጥበታለች አሉ። እንዲህ ያለ የሰው ዓይን አንድ ጎረምሳ ይጥላል! ሕፃን ያየ ሰው በእጁ ዳሰስ ያደርገዋል፣ ያኔ ዓይኑ አይጎዳውም። እሷ የምትነካው በጓንት! ጓንት መንካት ነው?"

ስልኩ ተዘጋ። ኦብዱሊያ ሦስት ጊዜ ደግማ ሞከረች፤ የሚያነሳ የለም። ማዳመጫዋን አወረደች።

"ነገ ፈቃድ እወስዳለሁ" አለችኝ። "አንቺ ዓይን አለሽ፤ ትሸኚኛለሽ።"

በማግስቱ ጠዋት ወደ ተራራው ሰው የሚያመላልሰው የዶን ፋውስቲኖ ፒካፕ ላይ ወጣን።

"ዶኛ ኦብዱሊያ፣ መስኮት በኩል ላስቀምጥሽ?" አላት እየሳቀ።

"አዎን፣ ዕይታው እንዳያመልጠኝ። ጠርቷል ወይስ ጭጋግ ነው?"

"ኧረ ጭጋግ ነው! እጄንም አላይ።"

"እንግዲያው ዛሬ እኩል ነን። ካቃተህ መሪውን ስጠኝ፤ እኔ ለምጄዋለሁ።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ነጩን ጭጋግ ሳይ፣ እሷ ዕድሜ ልኳን የምትኖርበት አገር ደጃፍ የደረስኩ መሰለኝ።

ዶኛ ክሪሳንታ ደጇ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘናት። ገና ሳንጠጋ እጇን ዘረጋች።

"እዚያው! አራስ አለብኝ። እንግዳ አይገባም።"

"ከሆስፒታሉ ስልክ ቤት ነኝ፣ ዶኛ። በድምፄ ያውቁኛል" አለች ኦብዱሊያ። "የሚፈሩት የሰው ዓይን ነው አይደል?"

"ሌላ ምን አለ!"

"እንግዲያው እኔን ያስገቡኝ። እኔ ዓይን የለኝም።" ጥቁር መነጽሯን አወለቀች።

በቆሎው ሳህኑ ላይ መርገፉን አቆመ። አሮጊቷ ተነሥታ መጣችና ያን የጎደጎደ፣ ነጭ የለበሰ ዓይን ቀርባ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ያቺ የምታየው እዚሁ ትቁም። ጀርባዋን ሰጥታ።"

ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ግድግዳው የሣንቃ ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ። ልጁን ኦብዱሊያ ጭን ላይ ሲያስቀምጡላት ተነፈሰ፤ እንደ ድመት ግልገል ያለ ትንፋሽ።

"እጁ ላይ ፍሬ አስረውለታል" አለች ኦብዱሊያ።

"በቀይ ክር። ከዓይን ይጠብቀዋል" አለች ክሪሳንታ። "ልጄ፣ አንቺን ማን ነው የበላሽ? ማን አይቶሽ ነው?"

"ማንም።"

"ማንምማ አይሆንም።"

"ማንም አላየኝም፣ ዶኛ። የጎዳኝ እሱ ነው። እንደዚህ ልጅ ሳጥን ውስጥ ሳለሁ አንድ ሰው ዓይኔን ገልጦ፣ አፍጥጦ ቢያየኝ ኖሮ ዛሬ እርስዎን አይዎት ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ፀፀቷ ይኸው ነበር። 'ምነው ያኔ የሚያይሽ ሰው በጠራሁ' ትለኝ ነበር።"

ቀጥሎ እስካሁን ያልተነፈሰችው የልጁ እናት ኔሬይዳ ተናገረች።

"እማ፣ እኔ ይዤው እሄዳለሁ።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ!" አለች ክሪሳንታ። ድምፅዋ ግን እንደ ስልኩ አልነበረም። "እቺ ሐኪም... ጓንቷን ታወልቃለች?"

"ታወልቃለች።"

"በምን አውቄ?"

"እጄን እጇ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። ቆዳና ጓንት በጣቴ ካልለየሁ ሌላ ምን እለያለሁ ብለው ነው?"

አሮጊቷ ሳትወድ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ትከሻዬ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ኤሊሴዮ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ሐኪሟ ዓይኑን ስትገልጠው አለቀሰ፤ ኔሬይዳም አብራ አለቀሰች። ክሪሳንታ ግን ሐኪሟን ብቻ ታያለች። ምርመራው ሲያልቅ ኦብዱሊያ የጓንቱን ጉዳይ ለሐኪሟ በጆሮዋ ነገረቻት።

"ይኼማ ምን ይከብዳል? የኔም እናት ብትሆን አትለቀኝም" አለች ሐኪሟ። ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ መዳፏን በትንሹ ግንባር ላይ አሳረፈች። ኦብዱሊያ እጇን ደረበችበት።

"ቆዳ ነው" አለች ጮክ ብላ።

ሐኪሟ እጇን ሳታነሳ፣ "ዛሬውኑ ጨረር ያስፈልገዋል" አለች። "ነገ ማለት አይቻልም።"

ወደ ዋናው ከተማ የሚወስደው አምቡላንስ ሲመጣ፣ ቀድማ የወጣችው ክሪሳንታ ነበረች። "እዚያ ያለውም ሐኪም በባዶ እጁ ይነካዋል!" ትላለች ነጠላዋን እያጣፋች።

ከወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ፣ ኦብዱሊያ ክፍል ደብዳቤ ላደርስ ገብቼ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ገና ትንፋሹን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ ያ ሁሉ የተዘጋባት ስልክ አሁን በየሳምንቱ ራሱ ይደውላል።

"ዶኛ ክሪሳንታ፣ ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ዝንብ አየ!" የአሮጊቷ ጩኸት ከማዳመጫው ወጥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ።

"ምን አሉ?"

"ዝንብ! ስትሄድ ተከተላት፣ ስትዞር በዓይኑ ዞረ! ላባርራት ብዬ በጨርቅ ብመታት ደግሞ አለቀሰብኝ!"

"ምን ነክቶዎት ገደሉበት!" አለች ኦብዱሊያ። መስመሩን ዘግታ፣ ከቀለበቱ አንዱን ካርቶን በጣቷ ፈልጋ፣ ወስፌዋን አንስታ ከስሙ ሥር መውጋት ጀመረች።

"ምን እየጻፍሽ ነው?" አልኳት።

"ዝንብ" አለችኝ፤ ሌላ ስልክም ጮኸ።